ቅቤ የተቀባው የዳኮታ እግር

አዲስ አበባ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእታለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ዳገቱን እሺ አለሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሽ ደጀኔ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናችሁ? ቡናውስ ቀላ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝ። መልስ እንደማትጽፊልኝ አውቃለሁ። የአባታችንን ቡናና እንሰት ትቼ ብረት ልጠግን ስለሄድኩ ተቀይመሽኛል። የሄድኩ ዕለት እንኳ አናቴን በአሪቲ ቅቤ ቀባሽና ደህና ሁን ሳትዪኝ ወደ ጓዳ ገባሽ። እኔ ግን እጽፋለሁ፤ ግትርነቱን ከማን እንደተማርኩት ታውቂያለሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አንዲት ሴትዮ ነው።

ዲላ የሚመላለሰው ዳኮታ አውሮፕላን የሚያርፍበትን እግር የምንከባከበው እኔ እንደሆንኩ ባለፈው ወር ጽፌልሻለሁ። የሜዳችሁ ጭቃ መቼም አይጣል ነው! በተመለሰ ቁጥር እግሩን እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ ቀለሙ የተላጠበትን እንቀባለን፣ መገጣጠሚያውን ግራሶ እናደርጋለን። ርጥበት ቀለም ሥር ከገባ ላዩ ደህና እየመሰለ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

ማክሰኞ ዕለት ጭቃው በውኃ አልለቅ አለኝ። ጠጋ ብዬ ባየው ቅቤ ነው! እግሩ እንደ ሙሽራ ከላይ እስከ ታች ተቀብቷል። አለቃዬ አቶ ወንድይራድ፣ የአገርህ ሰው አውሮፕላን ይድራል እንዴ ብለው ሳቁብኝ። አብራሪውን ብጠይቀው የሜዳው ዘበኛ ያለውን ነገረኝ። አንዲት ሴትዮ ካለፈው ወር ጀምሮ አውሮፕላኑ ሲያርፍ አጥር ይዛ ቆማ ታየዋለች። ያን ቀን ግን ቅቤ ይዛ መጣች። ዘበኛውን ለምና ገባችና እግሩን ቀብታ፣ በሰላም ግባ ብላው ሄደች።

ቅቤውን ለማስለቀቅ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ሳሸው፣ ከጉልበቱ በስተኋላ ያበጠ ቀለም ጣቴን ቆረቆረኝ። ብፍቀው ዝገት ብረቱን ሰርስሮታል። እንደ ወትሮው በውኃ ብቻ አጥቤው ቢሆን ኖሮ አላየውም ነበር። በማግስቱ ሰው ሞልቶ ሊነሣ ነበር፤ ሲያርፍ እግሩ ቢታጠፍስ? የአቶ ወንድይራድ ሳቅ ጠፋ፤ እግሩም ተፈቶ በሌላ ተተካ።

ሴትዮዋን ካገኘሻት ያን ሁሉ ነፍስ አትርፈሻል፣ እኔንም ከጸጸት አውጥተሽኛል ብሏል በያት። ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ዳግመኛ ግን አውሮፕላኑን አትቀባው፤ ቅቤ ጭቃና ርጥበት ይዞ ያስቀራል፣ ሲቆይም ብረት ይጎዳል። ብረቱን ለኔ ትተወው።

ዘበኛው ስሟን አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጨርቁ በዚያ ሁሉ ቤንዚን መሐል አሁንም አሪቲ አሪቲ ይሸታል። ሌሎቹን ጨርቆች አጥቤአለሁ፤ እሱን ግን አስቀምጬዋለሁ።

ለገና ፈቃድ አግኝቻለሁ። የተረፈ ቅቤ ካላት አናቴ እየጠበቃት ነው በያት።

እግዚአብሔር ቤትሽን በጤና ይሙላው፣ ቡናሽን ከበረዶ ይጠብቅልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ