የጋሽ ዘነበ ሁለት ደቂቃ

ሰኞ

አጥር! የእማዬ ጸጉር ቤት በር ፊት ለፊት አጥር ሊያቆሙ ነው። ይህን የሚለው ደብዳቤ የጸጉር ቀለም ካርቶን ስር ስንት ሳምንት ተኝቷል! እኛ ቤት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ እኔ ከትምህርት ቤት እስክመጣ፣ ከዚያም ደስ እስኪለኝ ይጠብቃል።

"እማዬ፣ ይሄ መቼ መጣ?"

"እንጃ። የፒዛ ማስታወቂያ መስሎኝ።"

ፒዛ አይደለም። አዲስ ባቡር በመንገዳችን መሃል ያልፋል። ሐዲዱ ግራና ቀኝ ይታጠራል። በራችን ላይ ያለው የእግረኛ መሻገሪያ ይዘጋል። ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ መናገር የሚፈልግ እስከ ረቡዕ ይመዝገብ።

የእማዬ ደንበኞች በሙሉ ማዶ ካሉት አፓርትመንቶች በእግር ነው የሚመጡት። እነዚያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬዎች እስከሚቀጥለው የትራፊክ መብራት ዞረው ጸጉር ሊሠሩ ሊመጡ? በፍጹም። ሱቁ ያበቃለታል።

ማክሰኞ

የታሪክ አሳይመንቴ "ባቡር የአሜሪካን ከተሞች እንዴት ሠራ" የሚል ነው። እስከ ትናንት ገልጬው አላውቅም። ዛሬ በንዴት አነበብኩት።

ሐዲዱ መንደራቸውን ትቶ በሩቅ ያለፈባቸው ሰዎች ቤታቸውን ከመሠረቱ ነቅለው፣ በፈረስ አስጎትተው ወደ ሐዲዱ ሄደዋል። ቤት! እንዳለ! የቀረው መንደር ሣር በቀለበት። የምንኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግም እርሻና ዛፍ ነበር፤ ባቡር ቆመ፣ ሱቅ ተከተለ፣ ሰው ተከተለ። ባቡር ከተማ ይሠራል፣ እሺ። የሚሠራው ግን ቆሞ በሩን የከፈተለትን ነው።

ለእማዬ ነገርኳት። "እሰይ! ባቡር ከመጣማ ደንበኛ ይበዛል" አለች። አጥር እማዬ፣ አጥር!

ማታ የእድራችን ሽማግሌዎች ጸጉር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ጋሽ ዘነበ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር፣ የእድሩ ዳኛ። ራሳቸው ላይ አንድ ጸጉር የለም፤ ግን በየቀኑ ጸጉር ቤት መስኮት ስር ተቀምጠው ይውላሉ። ምን እንደሚጠብቁ እግዜር ይወቅ። እንዲበቅል ይሆናል።

አስረዳኋቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ስምንታችሁም ተመዝገቡ አልኩ።

"ስምንት አፍ? ገበያ ነው እንዴ?" አሉ ጋሽ ዘነበ። "አንድ ትልቅ ሰው ለሁሉም ይናገራል።"

ትልቁ ሰው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። በጭብጨባ አለፈ። ሌላ ማንም አይመዘገብም፤ እሳቸው እያሉ መናገር ነውር ነዋ! እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ተደረግኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ረቡዕ

ጋሽ ዘነበን ንግግሩን ላለማምዳቸው ሞከርኩ። "ጋሽዬ፣ መጀመሪያ ስለ መሻገሪያው ይናገሩ።"

"ልጄ፣ ሰው ቤት ተገብቶ ሰላም ሳይባል ጉዳይ ይነሳል?"

"ሰው ቤት አይደለም እኮ፣ ቢሮ ነው!"

"ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው አይደለም?"

እማዬ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። በምሳ ሰዓት በትምህርት ቤት ኮምፒውተር የራሴን ስም አስገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ

ከስብሰባው አሁን ገባን።

ጋሽ ዘነበ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቆሙ። ፈጣሪን አመሰገኑ። መድረክ ላይ ያለችውን ሰብሳቢ አመሰገኑ፣ የሰብሳቢዋን ልጆች አመሰገኑ (እንዳላት በምን አወቁ?)። ክረምቱን በሰላም ያሳለፈንን አመሰገኑ። እኔ ደግሞ እያንዳንዷን መተርጎም አለብኝ፤ ግማሹን ጊዜ የበላሁት እኔ ነኝ። ሁለት ደቂቃው አለቀ፤ ደወል!

"ገና መች ጀመርኩና?" አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። እማዬ ጫማዋን ታያለች። እነዚያን የሚስቁትን ሁሉ ልነክሳቸው ነበር። ጋሽ ዘነበንም ጨምሬ።

ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ። እማዬ ቀና አለች። ያነበብኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ የተጎተቱትን ቤቶች፣ ሣር የበቀለበትን መንደር፣ የእናቴን በር። "እኛ ቤታችንን በፈረስ መጎተት አንችልም" አልኩ። ደወሉ ሳይጮህ ጨረስኩ።

ሰብሳቢዋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ በዚያ መሻገሪያ ማን ይሻገራል? በስንት ሰዓት?

ጥያቄውን ከልማድ በአማርኛ ደገምኩት። የድሮውን መንደር ሁሉ አውቃለሁ፣ የእማዬን መንገድ ማን እንደሚሻገር አላውቅም።

ከኋላ "እኔ አውቃለሁ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ዘነበ!

ጠዋት ከሌሊት ሥራ የሚመለሱትን የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ቆጠሩ። ከሰዓት ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች። እናቱን በዊልቸር የሚገፋውን ሰውዬ። መብራቱ አልበቃ ብሏቸው መሃል መንገድ ላይ የሚያርፉትን ባለ ምርኩዟን እትዬ። በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ሕንፃ። ለካ እዚያ መስኮት ስር ለሐሜት ብቻ አልነበረም የሚቀመጡት! ለሐሜትም ነው፣ አውቃለሁ።

ደወሉ ደግሞ አልጮኸም። የጥያቄ መልስ ደወል የለውም። ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ መጨረሻ ላይ ሰብሳቢዋን መረቋት። እሱንም ተረጎምኩ።

ዓርብ

አልተወሰነም። የባቡሩ ሰዎች ማክሰኞ ጠዋት መጥተው መሻገሪያውን በዓይናቸው ያያሉ። ይሄው ነው ያገኘነው። አሁንም ተናድጃለሁ፤ አጥሩን የሣለው ሰው አንድ ቀን መጥቶ ቢቆም ኖሮ የሚሻገረውን ሰው ያይ ነበር።

እማዬ ሳላስፈቅዳት በመመዝገቤ አኩርፋኛለች። ግን ለደንበኞቿ በስልክ "የእኔ ልጅ እኮ በእንግሊዝኛ አፋጠጠቻቸው" ስትል ሰምቻታለሁ።

"ጋሽዬ፣ ማክሰኞ ምርቃት የለም" አልኳቸው።

"ሲሄዱስ?"

"ሲሄዱ ይቻላል።"

ይሄን የምጽፈው አጠገባቸው መስኮቱ ስር ተቀምጬ ነው። ባለ ምርኩዟ እትዬ መሃል መንገድ ላይ ቆመዋል። መብራቱ ሊቀየር ነው። ሁለታችንም ብድግ ብለናል።