በአበጋዝ አልጋ ላይ ያደረ ዱባ

ለውድ እህቴ ለኡምኩልሱም፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከረምሽ? ወገቤን አመመኝ ያልሽኝ ተሻለሽ ወይ? የጅዳ ሙቀትስ እንዴት አደረገሽ? አሠሪሽ የዕረፍት ቀን መስጠት ጀመረች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ልል ነበር፤ ግን ውሸት አይሆንልኝም።

ዘንድሮ ዱባ መግቢያ መውጫ አሳጣን። ከወንድማችን ከአበጋዝ ክፍል ጀርባ፣ አምና ሣር እንኳ ካልበቀለበት ቦታ፣ ማንም ሳይዘራው በቀለ። እማ ግን አበጋዝ ሊሄድ ሲል የዘራው ነው ትላለች። ሐረጉ ቆርቆሮውን ሸፍኖ በመስኮቱ ወደ ክፍሉ ገባ። ልቆርጠው ማጭድ ባነሳ እጄን ያዘችኝ። ወጥ ሠራን፣ ቀቀልን፣ ፍሬውን ቆላን፤ ላሟ እንኳ ጠግባ ፊቷን አዞረች። ገበያም ብወስደው ሁሉም ዱባ ተሸክሞ ወጥቷል። እማ ደህና ደህናውን መርጣ አበጋዝ አልጋ ላይ ትደረድራለች፣ ብርድ እንዳይመታው ብላ የሱን ጋቢ ታለብሰዋለች። በሩን ስከፍት ሰው የተኛ ይመስለኛል። እህቴ፣ እፈራለሁ።

መበስበስ ሲጀምር አላስቻለኝም። እማ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ትልቁን ድስት ጥጄ ወጥ ሠራሁና አመሻሽ ላይ ለጎረቤት በየሳህኑ አደልኩ። ዕለቱ ሐሙስ መሆኑን ልብ አላልኩም። ሐሙስ ማታ ምግብ በየቤቱ የሚዞረው ለሞተ ሰው ሰደቃ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን እትዬ የሻለም ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በነጋታው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃችንን ሞሉት። እትዬ የሻለም እማን አቅፈው፣ “እግዜር ነፍሱን ይማረው” አሏት።

እማ አልጮኸችም። “የማንን?” አለች። ውሃ አጠጥታ ሸኘቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የቀረውን ዱባ እንደ ቋንጣ እየዘለዘለች፣ በክር እየሰካች፣ ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሰቅላዋለች። የደረቀ ዱባ ዓመት ስለሚቆይ እስኪመጣ ይጠብቀዋል ትላለች። ነፋስ ሲገባ ይንኮሻኮሻል፤ እሷም ከጓዳ ሆና “አቤት” ትላለች።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ከአጠገቤ ስለማትለይ ነው። ሌላም አለ። አበጋዝ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ሆኖ ነገ እንሻገራለን ካለን ሁለት ክረምት አለፈ። ፊት በደወልሽ ቁጥር ወሬው ተሰማ ወይ ትዪ ነበር፤ አሁን መጠየቁን ተውሽው። እኔ አስተውያለሁ፤ እማም ሳታስተውል አትቀርም። እዚያ የሰማሽው ካለ ለኔ ብቻ ላኪልኝ። ሐሙስን ጠብቄ፣ ክሩን ፈትቼ፣ ይኼኛውን አውቄ ላድለው። ካልሰማሽም ንገሪኝ፤ አብሬያት ልዘልዝል።

አጎታችን ሃሩን በርቺ ብለውሻል፤ ልጆቻቸውም እጅ ነሥተዋል። እትዬ የሻለም ሰላም በያት ብለውኛል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቤታችን አልገቡም። እማ ዐይንሽን ስማለች። ማንበብ ባትችልም ስጽፍ አይታኝ ደግሞ እንዲህ በያት አለችኝ፦ “አበጋዝም እሷ ካለችበት ማዶ ነው። ካገኘችው፣ ዱባህ ደርቆልሃል ትበለው።”

እህትሽ ሀሊማ
መካነ ሰላም፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.