የሲድኒ ጥግ

ውድ ኦድሪ፣

አእምሮዬ ስለ ደከመ ልጄ ወሰደችኝ የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በባቡር ብቻዬን ወደ ሰቨርን ወንዝ ዳር መጥቻለሁ። የሟቹ ባለቤቴ የሲድኒ የራግቢ ኳስ ክለብ የመቶ ዓመት ሜዳውን እየለቀቀ ነው። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አመዱን፣ እንደ ክለቡ ልማድ፣ ነጥብ ባስቆጠረበት ጥግ ብቻዬን በትኜው ነበር፤ አሁን ያ ሣር ተቆርጦ ወደ አዲሱ ሜዳ ይሄዳል።

ዛሬ ጠዋት የወንዙ ጭጋግ ሜዳውን ስለ ሸፈነው የግቡ ምሰሶዎች አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። እኛ ጋ ያለው የባሕር ጭጋግ በብርድ ያንቀጠቅጣል፤ ይህኛው ግን ያስተኛል። የሲድኒ የድሮ ጓደኞች ሣሩን ሊቆርጡ አካፋ ይዘው በወንዙ በኩል ባለው ጥግ ቆመው ነበር።

«እዚህ አይደለም» አልኳቸው።

«እትዬ ዊኒ፣ ሲድ ግማሽ ሜዳ ሮጦ ያገባው እዚሁ ነው እኮ!» አለ ክላይቭ።

«የሮጠው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ያውም በዚያኛው ጥግ። ሩጫውን ያስረዘማችሁት ቢራ ቤት ቁጭ ብላችሁ ነው።»

«ወይ ጉድ! ጥለነው ልንሄድ ነበር። በይ ምሪን።»

ሽማግሌዎቹ በጭጋጉ ውስጥ ሲከተሉኝ ለጨዋታ የሚወጡ ጎረምሶች መሰሉኝ።

የፖስታ ካርዱ ሞላ። ጓደኛችንን ቤሪልን ሳሚልኝ። ነገ በአዲሱ ሜዳ የተተከለውን የእሱን ሣር መጀመሪያ ውኃ አጠጣለሁ፤ ቀጥዬ ጫማዬን አውልቄ እቆምበታለሁ፤ ከዚያም ወንዙ በየት በኩል እንደ ቀረ ለሲድኒ እነግረዋለሁ።

ዊኒ