የተመጣጠነው ከተማና የታሸጉት ሁለት በሮች

ለተከበሩ የኢንዱስትሪ ማዛወርና የአዲስ ከተሞች ሚዛን ማስጠበቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ልጆችዎን ሳይተኙ የሚያገኙበት ጤናና ዕድሜ እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የማርያምወርቅ ከበበ እባላለሁ፤ በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ የቀበሌ ቤት ነዋሪ፣ የጫማ ፋብሪካ ስፌት ሠራተኛ፣ እንዲሁም ብቻዬን የማሳድጋት የአራት ዓመቷ የሃኒ እናት ነበርኩ። ከእነዚህ የቱ እንደቀረኝ ጽሕፈት ቤትዎ ሳያውቅ አይቀርም።

በቅድሚያ ላመስግንዎ። ፋብሪካችን ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ስለነበር ምሳ ሰዓት ሮጬ ልጄን አጉርሼ እመለስ ነበር። ይህ ምቾት እንዳያሰንፈኝ አስበው ፋብሪካውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው፣ ብሩህ ሰፈር ወደሚባለው አዲስ ከተማ አዛወሩልን። ሥራና መኖሪያ ጎን ለጎን ይሆናሉ ብለው በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሲያስረዱ ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ፤ ዛሬ በገዛ እጄ አፍራለሁ።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው፦

1. ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት የተሠሩት ቤቶች ከእኔ ቤት ብዙ በማይርቀው በሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ለሚሠሩ ሰዎች በዕጣ ደረሱ። ስንጠይቅ፣ ሰፈሩ አራት ሺህ ሥራና አራት ሺህ ቤት ስላለው ሚዛኑ የተጠበቀ መሆኑን፣ ማን የት ያድራል የሚለው ግን ጽሕፈት ቤቱን እንደማይመለከት በትሕትና ተነገረን። ስለ ትሕትናው እናመሰግናለን።

2. በዚህም ምክንያት በየጠዋቱ የእኛ ሰርቪስ ወደ ብሩህ ሰፈር ሲሄድ የእነሱ አውቶቡስ ወደ ሲ.ኤም.ሲ ይመጣ ነበር። ልጄን ጠዋት ተኝታ ትቻት እወጣ፣ ማታም ተኝታ አገኛት ነበር። ቀኑን የምትውለው ከጎረቤቴ ከእማማ ወለተሥላሴ ጋር ነው፤ እሳቸውን እማዬ ትላቸዋለች፣ እኔን በስሜ ትጠራኛለች።

3. ይህኛው የራሴና የአቶ ኤቢሳ ጥፋት ነው። አቶ ኤቢሳ ከፋብሪካዬ ፊት ለፊት እየኖሩ ሲ.ኤም.ሲ የሚሠሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። አንድ ጠዋት መንገድ ተዘግቶ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመስኮት ተዋወቅን፤ ከዚያም የእድራችንን ዳኛ ምስክር አድርገን ቁልፍ ተለዋወጥን፤ እኔና ሃኒ እሳቸው ቤት፣ እሳቸው እኔ ቤት ገቡ። እርስዎ በሦስት ዓመት ያልጨረሱትን ሥራ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በመድፈራችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ሃኒ ምሳ ሰዓት ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ሕገወጥ ልውውጥ ተብሎ ሁለቱም ቤቶች ታሸጉ፤ ለሁለቱም በሮች እኩል ማሸጊያ ስለደረሳቸው ሚዛኑ አልተዛባም።

ክቡር ሆይ፣ የምቀልደው ካቆምኩ አለቅሳለሁ ብዬ ነው። አሁን ብሩህ ሰፈር ከአራት ባልደረቦቼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተጠግቻለሁ፤ ሃኒ ግን እማማ ወለተሥላሴ ዘንድ ስለቀረች የማያት እሑድ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ላቅፋት ስጠጋ ከእማማ ወለተሥላሴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እኔና ልጄ አንድ ጣሪያ ሥር እንድናድር ከሁለቱ በሮች አንዱን፣ የፈለጉትን፣ እንዲከፍቱልኝ እለምናለሁ።

ለሚዛንዎ ከሚገባው በላይ አክብሮት ያላት፣
ከዕቅድዎ ውጭ ለመኖር በመሞከሯ የተጸጸተች፣
ታዛዥዎ የማርያምወርቅ ከበበ

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ ወደ ብሩህ ሰፈር እንዲዛወር ተወስኖ ሳለ፣ «ሠራተኞቻችንን ከልጆቻቸው ስለሚያርቅ» በሚል ደብዳቤ ዝውውሩ መቅረቱን ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አነበብኩ። ይህ ምክንያት ተቀባይነት እንዳለው አላውቅም ነበር። ያንን ደብዳቤ የጻፈውን ሰው ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ፣ የእኔንም ማመልከቻ እንዲጽፍልኝ እፈልጋለሁ።