ባሕሩን በእግሬ የተሻገርኩበት እሑድ

ለልጄ ለማላቲ፦ አምላካችን ጋኔሽ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የሙስካት ሙቀት ይራራልሽ። እኔ አባትሽ ባለፈው እሑድ ባሕር በእግሬ ተሻገርኩ። እውነቱን ለመናገር ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ውኃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ በወጉ አልነካም። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ የማታ ትምህርት አስተማሪዬ ጽሕፈቴን አይታ መነጽሯን አወለቀች፤ ከአድናቆት ይመስለኛል።

እናትሽን አየር ትቀይር ብዬ በጀልባ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ አሊባግ ወሰድኳት። የኮኮናት ውኃ ጠጣን፣ ጥላ ሥር ጋደም አልን፣ ከዚያ ባሕሩ መሐል ወዳለው ምሽግ በእግራችን ሄድን። ውኃው መመለስ ሲጀምር ግን እናትሽ የምሽጉ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። እንደ አገራችን ሚስቶች የባሏን ስም እንደማትጠራ ታውቂያለሽ። «የማላቲ አባት፣ ልጅቷ ዛጎል እየለቀመች ነው፤ ጥያት አልሄድም» አለችኝ።

«ሙስካት ናት እኮ» አልኳት።

«ታዲያ ያን ያህል ርቃ ስትሄድ ዝም አሉ?»

ለመመለሻ የተከራየነው ባለጋሪ ከታች «አባባ፣ ፈረሴ ዋና አልተማረም፤ ቶሎ ይምጡ» እያለ ይጣራል። በመጨረሻ «ልጅቷ ጋሪው ላይ ናት» ብዬ አታልዬ አስነሣኋት። ዳር እስክንደርስ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ በእጇ ስትዳብስ ነበር።

ዕድሜሽ እንደ ኮኮናት ዛፍ ይርዘም። ሥራሽን ትተሽ ነይ አልልሽም፤ ስትደውዪ ግን መጀመሪያ ስምሽን ንገሪያት።

አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። «የማላቲ አባት» አላለችኝም። ለማታውቀው ሰው እንደምትለው «ጌታው» ነው ያለችኝ።