አቧራ ቆጣሪው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ የዓይን ጠብታ በምንሞላበት ንጹሕ ክፍል፣ አቧራ ቆጣሪው ማሽን እኔ በገባሁ ቁጥር ይጮህ ጀመር። አለቃዬ ዘሃራ፣ «እትዬ አስካለ፣ የወረቀት ሌብል ይዘው ገቡ እንዴ? ብናኙ ጠብታው ውስጥ ይገባል» አለችኝ። የያዝኩት የፕላስቲኩን ነው። ጥጥም ይበናል ብዬ፣ ያለ እሱ ውዬ የማላውቀውን ማተቤን ፈትቼ ተመለስኩ። አሁንም ጮኸ። እሷ በቦታዬ ስትቆም ዝም አለ።

«ጅን ነው የሚከተልዎት» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው «አስተግፊሩላህ» አለች።

እኔ አልሳቅሁም። ባለቤቴን የገደለውን ቁስል ያሰርኩት ባልታጠበ ሻሼ ነበር።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ ነገ ይግቡ» አለችኝ።

ደሴ እስክደርስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ማንም እንዳይቀመጥ ስጸልይ ነበር።