ሰላምታ የበላው ሩጫ

እሑድ፣ ጥር 3 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ አሰበ ተፈሪ

እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ዘይነባ ትጽፋለች። ዛሬ በሂርና መንገድ፣ ደርሶ መልስ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ከጎረምሶች ጋር ሮጥኩ። ጎረቤቴ ሙሜ «የመድረሻው ገመድ ሳይነሳ ከገባህ ስሜን እለውጣለሁ» ብሎኝ ነበር።

እግሬ አልከዳኝም። ግን መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ «አካም ጅርቱ?» ይለኛል። ታዲያ ሽማግሌ ሆኜ ሰላምታ ረግጬ ልለፍ? እየቆምኩ የልጁን፣ የከብቱን፣ የማሽላውን ደኅንነት ጠየቅኩ።

ስደርስ ገመዱ ተጠቅልሏል።

«ስሜ ተረፈ!» አለ ሙሜ እየሳቀ። «አንደኛ የወጣው ልጅ እኮ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።»

ይሄ ነው የገረመኝ። የጫልቱ ላም መንታ መውለዷን እንኳ ሳይሰማ በደጇ አለፈ? በዚያ ሁሉ መንገድ ታዲያ ምን አየ? ነገ ቤቱ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።